ትልቅ ካሊፐር ከመግዛታችሁ በፊት

«ወንድም ጋሼ፣ ባለ ስድስት ፒስተን ካሊፐር ከነዲስኩ በቅናሽ አግኝቻለሁ። ልግዛው ወይ?» አለኝ የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ደውሎ። የሚነዳው የ2016 ፎርድ ማስታንግ ጂቲ ነው። በሚቀጥለው ወር ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሳሚት ፖይንት ሄዶ ትራክ (የእሽቅድምድም መንገድ) ላይ ሊነዳ ተመዝግቧል። የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ካሊፐር ማለት የፍሬን ሸራውን በፒስተን ገፍቶ ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ የሚያጣብቀው ክፍል ነው።

«አሁን ያለው ፍሬን ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ግን ለትራክ አይበቃም አሉኝ።»

«የፍሬን ዘይቱ መቼ ነው የተቀየረው?»

ትንሽ ዝም ብሎ «እሱ ይቀየራል እንዴ?» አለኝ።

በስልክ የመለስኩለት አጭር ነበር። እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ይህን የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ ፈጣን መኪና የሚወድ የኛ ልጅ በዝቷል። ለሞተር ብዙ ገንዘብ ይወጣል። ፍሬን ግን ወይ ጭራሽ ይረሳል፣ ወይ ደግሞ ውዱና ለዓይን የሚያምረው ዕቃ ቀድሞ ይገዛል። ሁለቱም ያሳስበኛል። የምወዳቸው ልጆች ናቸው፤ ፍጥነት ሲወዱ ማቆምንም አብረው እንዲወዱት እፈልጋለሁ።

ፍሬን እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት ይቀይራል። ሌላ ሥራ የለውም። መኪናው ይዞት የመጣው ጉልበት የትም አይጠፋም፣ ሙቀት ሆኖ ዲስኩ ውስጥ ይገባል። ከዲስኩ ደግሞ ወደ አየር መውጣት አለበት። ካልወጣ ይጠራቀማል። ስለ ፍሬን ማሻሻል የሚነሳው ጥያቄ ሁሉ ከዚህ ነው የሚጀምረው።

እስቲ በቁጥር እናስላው። ማስታንጉ ከነሹፌሩ 1,750 ኪሎ ግራም ይመዝን። በቀጥታው መንገድ መጨረሻ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ላይ ነው እንበል። ለመጀመሪያው ኩርባ ወደ 100 ይወርዳል። በዚህ መሃል ወደ 2 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ጉልበት ሙቀት ይሆናል። ይህ 6 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ጥሩ ጎማ ካለ ደግሞ ጊዜው 3 ሰከንድ አይሞላም። በፈረስ ጉልበት ሲሰላ ከ900 በላይ ይመጣል። የመኪናው ሞተር 435 ነው። ከዚያ ላይ ነፋሱና ጎማው የሚወስዱት አለ፣ አብዛኛው ግን ፍሬን ላይ ነው የሚያርፈው። እንግዲህ መኪናው ላይ ካለው ሁሉ ትልቁን ጉልበት የሚያስተናግደው ሞተሩ አይደለም፣ ፍሬኑ ነው።

ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያደላ የሥራውን 70 በመቶ ገደማ የሚሸከሙት የፊት ሁለቱ ዲስኮች ናቸው። አንዱ ዲስክ 12 ኪሎ ብረት ቢሆን በዚያች አንድ ፍሬን ብቻ ከ100 ዲግሪ በላይ ይጨምራል። የሳሚት ፖይንት ዋናው ትራክ 2 ማይል ነው፣ 10 ኩርባ አለው። ሁሉም ኩርባ ከባድ ፍሬን አይጠይቅም። ቢሆንም ዲስኩ የመጀመሪያውን ሙቀት አውጥቶ ሳይጨርስ ሁለተኛው ይደርስበታል። 20 ደቂቃ እንዲህ ሲቀጥል የት እንደሚደርስ መገመት አያቅትም።

ነገሩ ለኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሁሉ አይቶታል። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ከነጭነቱ 20 ቶን የሚመዝን መኪና ያን ያህል ሲወርድ ወደ 200 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ልምድ ያለው ሹፌር በከባድ ማርሽ የሚወርደው ለዚህ ነው። ሞተሩ ከፍሬኑ ጋር ሸክሙን ይካፈላል። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በዜሮ ማርሽ የለቀቀው ግን ያንን ሁሉ ለፍሬን ሸራው ብቻ ትቶታል። ሸራው ሲቃጠል ሽታው ከሩቅ ይመጣል። እዚያ መንገድ ላይ ስንት ሕይወት እንደጠፋ የምናውቅ ሰዎች የፍሬን ሙቀትን ቀላል ወሬ ማድረግ አንችልም። ትራክ ላይ የሚገጥመው ችግር ያው ራሱ ነው፣ በአጭር ጊዜ ይመጣል እንጂ።

ፍሬን በሙቀት የሚከዳው በሁለት መንገድ ነው። እግራችሁ ሁለቱን መለየት አለበት።

አንደኛው ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ሲል ነው። አጥብቃችሁ ትረግጣላችሁ፣ ፔዳሉ አይሰምጥም፣ መኪናው ግን ይሄዳል። ይህ ሸራው ከአቅሙ በላይ ግሎ መያዝ ሲያቅተው ነው። ብዙውን ጊዜ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ ያስጠነቅቃል። ዙር በጨመረ ቁጥር ፍሬኑ እየራቀ ይሄዳል፣ ፍጥነት ቀንሶ ማቀዝቀዝ ይቻላል።

ሁለተኛው ፔዳሉ ሲላላ፣ አንዳንዴም እስከ ወለሉ ሲወርድ ነው። ይህ የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ነው። ዘይት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። እግራችሁ የሚገፋው እንፋሎቱን ይሆናል፣ ካሊፐሩ ጋ የሚደርስ ግፊት አይኖርም። ይህኛው የሚያስፈራኝ ድንገት ስለሚመጣ ነው። ኩርባው ላይ ፍሬኑ በደንብ ይዞ ይሆናል። ከዚያ እግራችሁን ታነሳላችሁ፣ ነዳጅ ትሰጣላችሁ። በዚያች ቅጽበት በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል። የሸራው ሙቀት ደግሞ በፒስተኑ በኩል ወደ ዘይቱ እየገባ ነው። ዘይቱ የሚፈላው ያኔ ነው፣ እናንተ ቀጥታው መንገድ ላይ ስትበሩ። ቀጣዩ ኩርባ ላይ ስትረግጡ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ደጋግሞ መርገጥ ግፊቱን መልሶ ሊያመጣ ይችላል። ከዚያ በዝግታ ከትራኩ መውጣት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ የሚወጣው ለዘይት ነው። ስለ ዘይት ማውራት ማንንም አያስደስትም፣ ፎቶ አይነሳም፣ በቸርኬው ክፍተትም አይታይም። ግን የአንድን ሰው ቀን የሚያተርፈው እሱ ነው።

አብዛኛው የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ጎማ ቱቦውን እያለፈ፣ ዘይት መያዣው ሲከፈትም እየገባ፣ ከአየር ላይ ውሃ ይጠጣል። ውሃ በገባበት መጠን የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት የሚባለው የፍሬን ዘይት መመዘኛ ይህን በግልጽ ያሳያል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት። 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ዶት 5.1 ከ260 ወደ 180። ልብ በሉ፣ ያረጀ ዶት 4 ከአዲስ ዶት 3 ያንሳል። ሁለት ሦስት ዓመት ዘይቱ ያልተቀየረ መኪና ይዞ ትራክ መግባት ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ ይገባችኋል።

ለውድድር የተሠሩት ዘይቶች ሌላ ደረጃ ላይ ናቸው። ሞቱል አርቢኤፍ 600 አዲስ ሲሆን 312 ዲግሪ ድረስ ይሄዳል። ካስትሮል ኤስአርኤፍ ደግሞ እርጥበት ከገባበት በኋላም 270 ላይ ይቆያል፣ ዋጋው ግን ጠንከር ይላል። ለጀማሪ የመጀመሪያው ዓይነት ከበቂ በላይ ነው። ዶት 5 ከሚባለው ራቁ። ቁጥሩ ከፍ ስላለ የተሻለ የሚመስላቸው አሉ፣ እሱ ግን ሲሊኮን ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ላለው መኪናም አይመከርም። አዲሱን ዘይት ስታስገቡ አሮጌው ከአራቱም ጎማ ተጠርጎ እስኪወጣ፣ አየሩም ጨርሶ እስኪለቅ አትቸኩሉ።

ሁለተኛው ሸራ ነው። ለመንገድ የተሠራ ሸራ ዝም ያለ፣ አቧራ የማያበዛ፣ በብርዱም ጠዋት ቶሎ የሚይዝ እንዲሆን ነው የሚፈለገው። የትራክ ሸራ ተቃራኒው ነው። በጋለ ቁጥር ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይደክማል። ያፏጫል። የሚበትነው የብረት ብናኝ ቸርኬ ላይ ተጣብቆ ዝገት ያበጃል። ለሁሉም ይሆናል ብለው የሚሸጡት ሸራ አለ፣ እኔ ግን ብዙም አላምንበትም። በጥር ጠዋት ከቤት ወጥታችሁ የመጀመሪያው ቀይ መብራት ላይ፣ ፊት ለፊት ልጅ ይዞ የሚሻገር ሰው እያለ፣ ሸራው ገና ልሙቅ የሚል መሆን የለበትም። የመንገዱንና የትራኩን ለየብቻ ነው የምይዘው። ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ይቀየራል፣ ሲመለስ ይመለሳል። የሥራው ድካም ምንም አይደለም።

አዲስ ሸራ ሲገባ ደግሞ መሟሸት አለበት። ከመካከለኛ ፍጥነት ደጋግሞ፣ በኋላም ጠንከር አድርጎ ፍሬን መያዝ፣ ጨርሶ ሳይቆሙ። ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ ነድቶ ማቀዝቀዝ። ይህ ሲደረግ ከሸራው ስስ ሽፋን ወደ ዲስኩ ይተላለፋል። ሽፋኑ እኩል ካልሆነ መሪው ይንቀጠቀጣል። ብዙ ጋራዥ «ዲስኩ ተጣሟል» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ እኩል ያልሆነ ሽፋን ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ፣ ወደ አየሩ።

የእሽቅድምድም ታሪክ በፍሬን ሙቀት የተሞላ ነው። ድሮ ሁሉም በታምቡር፣ ማለት ሸራው ከውስጥ በሚገፋው ዝግ ከበሮ ነበር የሚያቆመው። ታምቡር ሙቀቱን ውስጡ ያፍናል፣ ሲግል ደግሞ እየሰፋ ከሸራው ይርቃል። በ1953 ጃጓር ከደንሎፕ ጋር የሠራውን የዲስክ ፍሬን ሲ ታይፕ በተባለው መኪናው ላይ ገጥሞ ሌማንስ፣ የ24 ሰዓቱ ውድድር ገባ። ቶኒ ሮልትና ደንከን ሃሚልተን አንደኛ ሆነው ጨረሱ። ሌሎቹ ፍሬናቸውን ለማትረፍ ቀደም ብለው ፍጥነት ሲቀንሱ፣ ጃጓሮቹ ዘግይተው ይይዙ ነበር፣ ሌሊቱን ሙሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ መርሴዲስ 300 ኤስኤልአር አሁንም በታምቡር ነበር። መሐንዲሶቹ ታምቡሩ እንደማይችል ስላወቁ ከሹፌሩ ኋላ የሚቆም ትልቅ ክዳን ሠሩ፤ ሲነሳ ነፋሱን ይዞ የመኪናውን ፍጥነት ይቀንስ ነበር። ያን ያህል ርቀት የሄዱት ሙቀቱን ከፍሬኑ ላይ ለማንሳት ነው።

ዲስክ ታምቡርን ያሸነፈው አየር ላይ ስለተጋለጠ ነው። ዛሬ የፈጣን መኪና የፊት ዲስክ ሁለት ገጽ አለው፣ በመሃሉ ክፍተትና ክንፎች አሉት። ሲዞር አየሩን ከመሃል ስቦ በዳር ይተፋል። ራሱ ፓምፕ ነው። ክንፎቹ ጠመዝማዛ ከሆኑ የግራና የቀኝ ዲስክ ይለያያሉ። ጥምዝማዛቸው መኪናው ወደፊት ሲሄድ ወደ ኋላ የሚያዘነብል መሆን አለበት። አይቶ መግጠም ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ጭረት አያሳይም፣ ክንፉን ራሱን ነው የሚያዩት።

ታዲያ አየር ስናመጣለት ወዴት ነው የምናመጣው? ወደ ዲስኩ መሃል ነው። ብዙ ሰው ቱቦውን የዲስኩ ፊት ላይ አነጣጥሮ ይተወዋል። ያኔ የውስጡ ገጽ ይቀዘቅዛል፣ የውጩ እንደጋለ ይቀራል። ብረት በአንድ ጎን ግሎ በሌላው ሲቀዘቅዝ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። አየሩ መሃሉ ላይ ከገባ ግን ዲስኩ ራሱ ይስበዋል፣ ለሁለቱም ገጽ እኩል ያዳርሰዋል። ጥሩ የማቀዝቀዣ ኪት ከዲስኩ ኋላ የሚታሰር ሳህን አለው፣ ቱቦው እሱ ላይ ይገባል፣ ሳህኑ አየሩን ወደ መሃል ይመራዋል።

መግቢያው ፓራውልቱ ላይ ታች በኩል ይሆናል፣ ነፋሱ ፊት ለፊት የሚገፋበት ቦታ። ብዙ ሰው የጭጋግ መብራቱን ቦታ ይጠቀማል። 3 ኢንች ቱቦ፣ ሙቀት የሚችል ዓይነት፣ ለአብዛኛው የመንገድ መኪና ይበቃል። አስቸጋሪው መንገዱ ነው። መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ጎማው ቱቦውን መንካት የለበትም፣ መኪናው ሲዘፈቅም እንዲሁ። ይህን ጎማው በክሪክ ተነስቶ ብቻ ሳይሆን መሬት ላይ ቆሞም ማየት ያስፈልጋል።

ከዚህ የቀለለ ዘዴ አለ። የፖርሽ ባለቤቶች ጂቲ3 ከሚባለው ፈጣን ሞዴል ላይ የተወሰደ የፕላስቲክ አየር መምሪያ ገዝተው በራሳቸው 911 ወይም ካይማን የታችኛው ክንድ ላይ ያስሩታል። ቱቦ የለም፣ መብሳት የለም። ከመኪናው ሥር የሚያልፈውን አየር ወደ ፍሬኑ ይመልሰዋል። ለዋጋው ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። ለሌሎች መኪኖችም ተመሳሳይ ተሠርቷል።

ከዲስኩ ኋላ ያለውን ስስ ቆርቆሮ አውልቆ መጣል የሚመክሩ አሉ። አየር በእርግጥ ይጨምራል። ነገር ግን ቆርቆሮው ለከንቱ አልተቀመጠም። ዝናብና ጠጠር ይከላከላል፣ የኳስ መገጣጠሚያውንና የመሪውን ዘንግ ጎሚኒ ከዲስኩ ግለት ይጋርዳል። በየቀኑ የሚነዳ መኪና ላይ እንዳለ ተዉት ባይ ነኝ። ክረምት ላይ መንገዱ ጨው ሲረጭበትም የቱቦውን መግቢያ መድፈን ጥሩ ነው።

አዲስ አበባ ላሉ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። የሚያቀዘቅዘው አየር ሲሳሳ ያው ዲስክ ሙቀቱን ለማውጣት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ከእንጦጦ ወደ ከተማ ስትወርዱ ይህን አስታውሱ።

ስለ ዲስክ ዓይነት አጭር ነገር። ቀዳዳ ያለው ዲስክ ያምራል፣ ቀላልም ነው፤ ትራክ ላይ ግን ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳው ጠርዝ ነው። መስመር የተቆረጠበት ወይም ምንም የሌለበት ይሻላል። ካርቦን ሴራሚክ በክብደት የብረቱን ግማሽ ያህል ነው፣ ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም። ከፋብሪካ ሴራሚክ ይዞ የመጣ መኪና ገዝተው ለትራክ ብረት የሚቀይሩ ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ ትልቁ ካሊፐር። አንዲት ድንገተኛ ፍሬን ላይ መኪናው የሚቆምበትን ርቀት የሚወስነው ጎማው ነው። የፋብሪካው ፍሬን ኤቢኤስ እስኪሠራ ድረስ መያዝ ከቻለ፣ ትልቅ ካሊፐር ርቀቱን አያሳጥርም። ጥሩ ጎማ ግን ያሳጥረዋል። ትልቅ ፍሬን የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው። ብረቱ ስለሚበዛ ብዙ ሙቀት ይይዛል፣ ገጹ ስለሚሰፋ ቶሎ ያወጣል። ስለዚህ ጥቅሙ አሥረኛው ዙር ላይ እንጂ ሰፈር ውስጥ አይታይም።

ሚዛንም አለ። የፊቱን ብቻ ስታሳድጉ የፍሬን ክፍፍሉ ወደ ፊት ይሸሻል። የኋላዎቹ ሥራ ይፈታሉ፣ የፊት ጎማዎች ቀድመው ይቆለፋሉ፣ ርቀቱ እንዲያውም ሊረዝም ይችላል። የፒስተኖቹ ስፋት ከዋናው የፍሬን ፓምፕ ጋር ካልተስማማ ፔዳሉ ከበፊቱ ርቆ ይሰምጣል። ለዚህ ነው ፋብሪካው አንድ ላይ ያሰበውን የምመርጠው። ፎርድ ለዚያው ማስታንግ ጂቲ ሁለት ዓይነት ሠርቷል። መደበኛው 352 ሚሊ ሜትር ዲስክና ባለ አራት ፒስተን ነው። ፐርፎርማንስ ፓኬጅ የያዘው 380 ሚሊ ሜትርና ባለ ስድስት ፒስተን ብሬምቦ ነው። ሸልቢ ጂቲ350 የሚባለው ማስታንግ ደግሞ ፊቱ 394፣ ኋላው 380 ሚሊ ሜትር ነው። ኋላውም አብሮ ማደጉን አስተውሉ።

የአክስቴን ልጅ «አሁን አትግዛው» አልኩት። ዘይት ቀይር፣ የትራክ ሸራ ግዛ፣ ሄደህ ንዳ። ከዚያ ሙቀቱን እንለካዋለን። ለዚህ የሚሆን ቀለም አለ፣ በዲስኩ ጠርዝ ላይ ይቀባል። አረንጓዴው 430፣ ብርቱካናማው 560፣ ቀዩ 610 ዲግሪ ላይ መልኩን ይለውጣል። ካሊፐሩ ላይ የሚለጠፍ ወረቀትም አለ፣ የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት ያሳያል። ቀዩ ቀለም ከተለወጠ አየር እንጨምራለን። አየር ተጨምሮም ካልበቃ ስለ 380 ሚሊ ሜትሩ እናወራለን። ያን ጊዜ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ይታወቃል።

ለአነዳድም አንድ ቃል። ትራክ ላይ ፍሬን አጥብቆ ለአጭር ጊዜ መያዝ፣ ከዚያ ጨርሶ መልቀቅ ይሻላል። እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ ለረጅም ጊዜ የሚያንሸራትት ሰው ለዲስኩ የመቀዝቀዣ ጊዜ አይሰጠውም። ሲጨርሱ የመጨረሻውን ዙር ፍሬን እምብዛም ሳይነኩ በዝግታ መዞር ነው። ከቆሙ በኋላ የእጅ ፍሬን አይያዝም፣ እግርም ፔዳል ላይ አይቀመጥም። የጋለ ሸራ በጋለ ዲስክ ላይ ከቆመ አሻራውን ይተዋል። መኪናውን በማርሽ ይዞ ጎማው ሥር ድንጋይ ወይም እንጨት ማድረግ ይበቃል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ትንሽ ወደፊት መግፋትም ጥሩ ነው።

ከቀዘቀዘ በኋላ ይታያል። የሸራው ውፍረት፣ የውስጡም የውጩም፣ ምክንያቱም እኩል አያልቁም። የፒስተኑ ጎሚኒ መቃጠል አለመቃጠሉ። ዘይት ያረጠበው ቦታ ካለ። የዲስኩ ገጽ በደቃቅ ስንጥቆች መሸፈኑ ከትራክ በኋላ የተለመደ ነው። ጥፍር ሲያልፍበት የሚይዝ ስንጥቅ ግን ከዚያ ይለያል። ወደ ዲስኩ ጠርዝ የደረሰ ከሆነ ደግሞ ያ ዲስክ አብቅቷል። ምሳ ሰዓት ላይ ባገኘውም፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን ትቼ መለዋወጫውን ገጥሜ በዝግታ ወደ ቤት እነዳለሁ።